የድንገተኛው ሣጥን ቁልፍ

ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የድንገተኛው ሣጥን ነው። ዛሬ ማን ከፍቶ አየው? የመድኃኒቶቹን ማብቂያ ቀን ማን አነበበ? ጫማዬን ፍለጋ ሳጎነብስ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ሸኝተውህ የለም እንዴ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው፣ ረጅም ንግግር አሰምተው ሸኝተውኛል።

ነርስ ነኝ። ጊንጪ ጀመርኩ፣ ጉደር ሠራሁ፣ ከዚያ በአምቦ ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ስዞር ዕድሜዬ አለቀ። የአገሩ ሰው «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ «ነርስ ነኝ» እያልኩ አርም ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። ስለ ደመወዙ አላወራም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቀዋል፣ ያልሆነ ብነግረውም አያምነኝም። ስለ አለቆቼም ብዙ የምለው የለኝም፤ አንዳንዶቹ ጥሩ ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ስብሰባ ይወዱ ነበር።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ስለ አንድ ነገር ነው። መድኃኒት ወይም የንብ መርዝ ሳይስማማው ቀርቶ ሊሞት ሲል ስለሚተርፍ ሰው። ሰውነቱ በአንድ ቀን ይመለሳል፤ ሽፍታው ይጠፋል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛም «ዳነ» ብለን ካርዱን እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚሆን ማንም አላስተማረኝም ነበር። አንዲት መምህርት ላይ ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

ያኔ ከአምቦ ብዙም የማትርቅ የአንዲት ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነበርኩ፤ ስሟ ይቅር። መርፌ ክፍሉ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ የእንጨት ሣጥን አለ። ውስጡ አድሬናሊን፣ ግሉኮስ፣ መርፌና ሲሪንጅ፤ ሰው ድንገት ሲወድቅ የሚከፈት ሣጥን ነው። በየቆጠራው ግን ዕቃ ይጎድላል። አንዱ ሲሪንጅ ይወስዳል፣ ሌላው ፕላስተር፣ ወቀሳው ለእኔ ይመጣል። አንድ ቀን ተናደድኩና «ከዛሬ ጀምሮ ይቆለፍ!» አልኩ። ቢጫ ጓጉንቸር ተገዛ። ቁልፉን ለንብረት ክፍሉ ለኦቦ ቱሉ ሰጠሁት፣ ፈርሞ የተረከበው እሱ ስለሆነ። ልብ በሉ፣ ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ።

አያንቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ካገባች ዓመት ያልሞላት። ቶንሲል ይዟት መጣች። ፔኒሲሊን ታዘዘላት። ክንዷ ላይ ከቆዳዋ ሥር ጥቂት ወግቼ የሚገባውን ያህል ጠበቅሁ፤ አላበጠም፣ አልቀላም። ሙከራው ንጹሕ ነው ብዬ ዋናውን መርፌ ሰጠኋት። «አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ» አልኳት፣ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመረች። እኔ የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

«ዶክተር፣ እጄን አሳከከኝ» አለች።

መዳፏን እያከከች ነበር። ቀና ስል ከንፈሯ አብጧል። ወዲያው አንገቷ ላይ ሽፍታው ወጣ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ፣ ደብተሮቹ ከጭኗ ወደቁ፣ እሷም ተከተለቻቸው። ወደ ሣጥኑ ሮጥኩ። ተቆልፏል። ኦቦ ቱሉ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። ኮሪደሩ ሙሉ «ቁልፉ የት ነው? ፉርቱን ኤሳ?» በአማርኛም በኦሮምኛም እያለ ይሯሯጣል። አንዱ ስልክ ይደውላል፣ አንዱ የቢሮ መሳቢያ ያገላብጣል። በመጨረሻ የግቢውን በር ደግፎ የሚይዘውን ድንጋይ አምጥቼ ጓጉንቸሩን ከነማያያዣው ሰበርኩት። ጭኗ ላይ ወጋኋት፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀልን፣ ግሉኮስ ከፈትን። ምን ያህል ደቂቃ እንደፈጀ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። ትንፋሿ ሲመለስ ግን እግዚአብሔርን ጮክ ብዬ አመሰገንኩ።

ካርዷ ላይ በቀይ «ፔኒሲሊን አይሰጣት» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ተሰበረው ጓጉንቸር የምክንያት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሌላ ጓጉንቸር ተገዛ። አሁን ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጬ ኪሴ ከተትኩ፣ በቃ ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ።

የአገራችን ሰው ከሞት የተረፈን ሰው ሳይጠይቅ አያድርም። አያንቱ ቤት ለሳምንት ያህል ጎረቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሰው፣ የባሏ ዘመድ ሲጎርፍ ሰነበተ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ! እንዴት እንዴት ሆንሽ?» ይላታል እያንዳንዱ። እሷም ከመዳፏ ማሳከክ ጀምራ ትናገራለች። ሌላው ሲገባ እንደገና ከመዳፏ። አሁን ሳስበው በየቀኑ እዚያው ወለል ላይ ደጋግመን ስንጥላት ነው የከረምነው፤ ደግሞ ሁሉም በፍቅር።

እኔ ደግሞ ከሁሉም ባስኩ። ጠዋት ጠዋት ተራ ለሚጠብቀው ሰው የጤና ትምህርት እንሰጣለን። «አያንቱ ትምጣና ትመስክር፤ ሕዝቡ መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ አስቀድሞ እንዲናገር ይማራል» አልኩ። እውነቱን ከተናገርኩ፣ ጤና ጣቢያችን ሰው ማትረፉም እንዲወራልኝ ፈልጌ ነበር። ጨዋ ናትና እንቢ አላለችም። መጣች፣ ሰው ፊት ቆመች፣ መዳፏ ጋ ስትደርስ ድምጿ ቆመ። ጉሮሮዋን ያዘች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አየር ትስባለች፣ አይገባላትም።

እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሜያለሁ። ከንፈሯን ከሩቅ አየሁት፤ አላበጠም። ፈገግ ብዬ ለሰዉ «አይዞሽ በሏት፣ ድንጋጤ ነው፣ ምንም የለባትም» አልኩ። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የእፎይታ ሳቅ ነበር፤ ግን ሳቀ። አያንቱ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት የጤና ጣቢያውን ደጃፍ አልረገጠችም። የመጀመሪያ ልጇን ቤቷ ወለደች፣ ደም ፈስሷት ለጥቂት ተረፈች። የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ሄጄ አልጠየቅኳትም።

በአራተኛው ዓመት፣ ኮሮና ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለአእምሮ ጤና ሥልጠና አምቦ ላኩኝ። ማንም መሄድ ስላልፈለገ ነው የተላክሁት፤ «የእብድ ነርስ» መባል የሚወድ የለም። እዚያ ነው ሲስተር አስካለን ያገኘኋት።

ሲስተር አስካለ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ነበረች። ክፍሏ ውስጥ የበሽተኛው ወንበር ሁልጊዜ በር አጠገብ ነው፣ በሩም ገርበብ ይላል፤ መውጣት የፈለገ እንዲወጣ። እሷ ፊት ለፊት አትቀመጥም፣ ወደ ጎን ዞር ትላለች። እጇ ላይ ምላጭና እርሳስ አለ። በሽተኛው ሲያወራ እሷ እርሳስ ትቀርጻለች፣ ቀና ብላ አታፈጥበትም። ማታ ጠረጴዛዋ ላይ ከተደረደሩት እርሳሶች የቀኑን ሥራ መገመት ይቻል ነበር። «አይዞህ» ስትል አንድም ቀን አልሰማኋትም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «እኔ አይዞህ የምለው ሰውዬው ቶሎ እንዲወጣልኝ ስፈልግ ነው» አለችኝ።

ስለ ደረሰበት ነገርም ቀድማ አትጠይቅም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዛሬ በየት በኩል መጣህ?» ነው። አንድ ንብ አናቢ ከወንጪ መጣ፤ ንብ ነድፎት ሊሞት የተረፈ። «አሁን ደህና ነኝ» ይላል። በየት እንደመጣ ስትጠይቀው አጭሩን የእግር መንገድ ትቶ አበባ ያለበትን ማሳ ሁሉ እየዞረ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶበት እንደመጣ ነገራት። እሷ ወረቀት ላይ መንገዱን ሳለችው። «አየህ» አለችኝ ሰውዬው ሲወጣ፣ «ትፈራለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ደህና ነኝ ይለኛል። መንገዱን ስጠይቀው ግን አይዋሽም።»

አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ሳላስበው፣ «አንተስ፣ ዛሬ በየት መጣህ?» አለችኝ።

«ከቤቴ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ ከዚያ በሚኒባስ» አልኳት።

«በዋናው መንገድ አይቀርብህም?»

«ጭቃ ነው።»

«አስፋልት አይደለም እንዴ?»

እንጀራዬን መጠቅለል ያዝኩ። ምላጯን አወጣችና እርሳስ መቅረጽ ጀመረች። በዋናው መንገድ ዳር የአያንቱ ቤት አለ። አራት ዓመት ሙሉ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ስዞር ኖሬያለሁ፣ ለራሴም «በዚያ ጥላ አለ» እያልኩ። ያን ቀን ከጓጉንቸሩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

«መርፌውን ማንም ይወጋ ነበር» አለች ስጨርስ። «ጓጉንቸሩንም ሰብረኸዋል። ያን ጠዋት አግዳሚው ላይ ስትታፈን ግን ሄደህ እጇን ይዘህ አላየሃትም። ከሩቅ ሆነህ ፈረድክባት። ድንጋጤም ሊሆን ይችላል፤ አንተ ግን ሳታይ ነው ያወቅከው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩባት። ንዴቱ ሲወጣልኝ አፈርኩ።

ሥልጠናውን ጨርሼ ወደ ሥራዬ እንደተመለስኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አያንቱ እንደገና መፀነሷንና ክትትል እንቢ ማለቷን ነገረችኝ። የመጀመሪያው ላይ ደም የፈሰሳት ሴት ሁለተኛውን ቤቷ ልውለድ ካለች ምን ሊመጣ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። በዋናው መንገድ ሄድኩ። ባሏ ገመቹ በሩን ከፈተልኝ። በሩ መቆለፊያ የለውም፤ በገመድ ነው የሚታሰረው። ቸግሯቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

አያንቱ ስታየኝ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገች። ወደ ጎን ዞሬ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ያን ጠዋት ቀርቤ ማየት ነበረብኝ። ሰው ፊት አዋረድኩሽ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች። «ሰው ሲስቅ ሰምቻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። ትምህርት ቤት በየት በኩል ነው የምትሄጂው?»

ገረማት። የጤና ጣቢያውን አጥር ላለማየት በገበያው ዞራ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ጠመኔውን በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትጽፈው፤ የጠመኔ ብናኝ መዳፏን ሲያሳክካት ልቧ ስለሚመታ። ከራሷ እጅ በቀር የሌላ ሰው ምግብ አትበላም። የራስ ምታት ክኒን እንኳ አፏ ካስገባች አራት ዓመት ሆኗታል። ገመቹም እንደ እኔው ይህን ሁሉ ገና ያን ቀን መስማቱ ነው፤ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ወደ ጤና ጣቢያው አብረን መራመድ ጀመርን። መጀመሪያ መንገዱ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ድረስ። ከዚያ የግቢው በር። ከዚያ አግዳሚው፣ ሰው በሌለበት ሰዓት። የአልኮል ሽታ ሲያስጠላት በአልኮል የራሰ ጥጥ በብልቃጥ አድርጌ ሰጠኋት፤ ክዳኑን የምትከፍተውም የምትዘጋውም ራሷ ናት። አንዳንድ ቀን ካለፈው ሳምንት ወደ ኋላ እንመለሳለን። እኔ ቸኩያለሁ፣ ሆዷ እየገፋ ነው። መቸኮሌን ታውቅብኛለች፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ይውለዱት ከቸኮሉ!» ትለኛለች። መቀለድ ስትጀምር ደስ አለኝ።

የቴታነስ ክትባቱ ቀን ደረሰ። ይህን ከወሰደች እኛ ጋ ትወልዳለች፣ ካልወሰደች ቤቷ። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጥጡን ራሷ ክንዷ ላይ አሸች፣ እኔ መርፌውን አነሳሁ። ብድግ አለች።

«ቁልፉ የት ነው?» አለች።

አልገባኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሣጥን በጣቷ አሳየችኝ። ቢጫው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ «ይኸው፣ እኔ ጋ ነው» አልኳት።

«እርስዎ ከወደቁስ?»

ቁልፉን መልሼ አየሁት። እሷ እንደቆመች መናገር ጀመረች። «ያን ቀን ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዓይኔ ጠፋ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ፉርቱን ኤሳ ትላላችሁ። ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም አይመጣም። አንዱ ቱሉ ስብሰባ ሄደ አለ። እዚያ ወለሉ ላይ ሆኜ ስብሰባው ስንት ሰዓት ያልቃል እያልኩ አስብ ነበር። መርፌ ትፈራለች ትላላችሁ። መርፌውን መቼ ፈራሁት? መርፌው ነው ያዳነኝ። የተቆለፈውን ነው እንጂ።»

የቤቷ ገመድ ትዝ አለኝ፤ ለካ ቸግሯቸው አልነበረም። ያ ሁሉ ጠያቂ፣ እኔም ጭምር፣ መዳፏንና ከንፈሯን ስንጠይቃት ወለሉ ላይ ሆና ምን እንደሰማች አንድ ሰው አልጠየቃትም።

ኦቦ ቱሉን ጠርቼ ጠመንጃ መፍቻ አምጣ አልኩት። ጓጉንቸሩን ከነማያያዣው ፈትቼ አወጣሁና «ይህን ፈርመህ ተረከብ» አልኩት። «ቆጠራ ሲመጣ ምን ልበል?» አለ ተጨንቆ። «ኃላፊው አብዷል በል።» አያንቱ ሣጥኑን ከፈተችው። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። አንድ የአድሬናሊን አምፑል አንስታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠች፣ ከዚያ ተቀመጠችና ክንዷን ሰጠችኝ። ወጋኋት።

አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ፣ «ዶክተር» አለች፣ «እጄን አሳከከኝ።»

ያው ቃል ነው። ተንበርክኬ መዳፏን ያዝኩ። ክንዷን፣ አንገቷን፣ ሆዷን ለሽፍታ አየሁ። ከንፈሯን፣ ምላሷን አየሁ። ደረቷን በጆሮ ማዳመጫው ሰማሁ፤ የሚያፏጭ የለም። የደም ግፊቷን ለካሁ። ሲሪንጁ ጎኔ ተዘጋጅቷል። «እስካሁን ያገኘሁት የለም» አልኳት። «ጥቂት ቆይቼ ሁሉንም ደግሜ አያለሁ።» ደግሜ አየሁ። ለሦስተኛ ጊዜም አየሁ። አይዞሽ አላልኳትም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተነስታ አምፑሉን ሣጥኑ ውስጥ በቦታው መለሰችና «ወደ ክፍል ልግባ፣ ተማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው» አለች።

ሴት ልጅ ወለደች፣ እኛው ጋ። ደም የሚያቆመውን መርፌ አዋላጇ ወጋቻት፤ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበርኩ።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። የወንጪው ንብ አናቢ ቀፎዎቹን ሸጠ፣ ዛሬም አበባ ሲፈካ ከቤት አይወጣም ይላሉ። ሲስተር አስካለም ጡረታ ወጣች፤ አንድ እርሳስ ከጠረጴዛዋ ሰርቄ አስቀርቻለሁ።

ስረካከብ ተተኪዬ ቅጹን እያነበበ «የድንገተኛው ሣጥን ቁልፍስ?» አለኝ። «ቁልፍ የለውም፣ እንዳታስቆልፈው» አልኩት። ለምን አለኝ፣ ተቀምጠን ሙሉውን ነገርኩት።

ባለፈው ሰሞን የጡረታ ወረቀቴን ልጨርስ ስሄድ በዋናው መንገድ ሄድኩ። አያንቱን ሰላም ልበላት ብዬ ቤቷ ጎራ አልኩ። ማንም የለም። ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «አዴ አያንቱ ልጆቹን ይዛ ገበያ ወርዳለች» አለችኝ። ያኔ ነው በሩን ያየሁት። ገመዱ የለም። በቦታው ቢጫ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፣ ያው እኔ የሰበርኩት ዓይነት። ጎረቤቷ ምን ነካው ትበለኝ፣ እንባዬ መጣ። ጓጉንቸሩን ይዤ ጎተት አደረግኩት። ተቆልፏል።